«ይሄ የእርጉዝ መሣሪያ አይደለም እንዴ?» የልጆችን ሳንባ በአልትራሳውንድ ስለማየት

የማታ ተረኛ ሆኜ ስለነበር ትንሽ ጠፋሁ። ዛሬ የማወራችሁ ከዚያው ከሕጻናት ድንገተኛ ክፍል ይዤው ስለወጣሁት ነገር ነው። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። አያቱም አብረው ናቸው። ትኩሳትና ሳል ከጀመረው 9 ቀኑ ነው። ከአምስት ቀን በፊት ጤና ጣቢያ ታይቶ አሞክሳሲሊን ተሰጥቶታል፣ እናቱም አንድ ሰዓት ሳታዛንፍ ሰጥታዋለች። ሳሉ ለቀቅ ያደረገው መስሎ ነበር፣ ትኩሳቱ ግን ቀን ቀን ጋብ እያለ ማታ ማታ ይመለሳል። ጋቢውን፣ ሹራቡን፣ ከስር ያለውን ሌላ ሹራብ አስወልቀን ደረቱን ስናየው በደቂቃ 64 ጊዜ ይተነፍሳል። ጣቱ ላይ የሰካነው የኦክስጅን መለኪያ 84 አለ። ከ90 በታች ማለት አስቸኳይ ነው። ኦክስጅን አደረግንለት።

አሁን ጥያቄው፦ መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰደ ልጅ ለምን አልተሻለውም? በስቴቶስኮፕ ሳዳምጠው በቀኝ በኩል ትንፋሹ ራቅ ብሎ የሚሰማ መሰለኝ። «መሰለኝ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሚያለቅስ ሕጻን ደረት አዳምጣችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ለቅሶው ሁሉንም ድምፅ ይውጠዋል። ራጅ ክፍሉ ደግሞ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነው። ልጁን ወደዚያ መውሰድ ማለት ከኦክስጅን መስመሩ ነቅሎ፣ ሲሊንደር አስይዞ፣ በዚያ ብርድ ማሻገር ማለት ነው። መንገድ ላይ ቢደክምስ?

ጥግ ላይ የቆመውን አልትራሳውንድ እየገፋሁ ሳመጣው አያትየው ደነገጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የእርጉዝ መሣሪያ አይደለም እንዴ? ወንድ ልጅ ነው እኮ የያዝሽው!»

በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን እውነቱን ለመናገር እማማ የጠየቁት ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችም ሲያስቡት የኖሩት ነው። እኛም ስንማር አልትራሳውንድ ለሆድ፣ ለፅንስ፣ ለልብ ነበር፤ ለሳንባ ግን ራጅ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ የሚሠራው በድምፅ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ መሣሪያው የሚልከው ግን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ድምፁ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ፣ ማሽኑ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ስክሪን ላይ ስዕል ያደርገዋል። ችግሩ አየር ነው። ይህ ድምፅ ከሥጋ ወደ አየር ሲደርስ አያልፍም፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ተገፍቶ ይመለሳል። (ቆዳችሁ ላይ ያን ቀዝቃዛ ጄል የምንቀባችሁም ለዚሁ ነው፤ በቆዳና በመሣሪያው መካከል አየር እንዳይገባ።) ሳንባ ደግሞ በአየር የተሞላ ነው። ስለዚህ «ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም» ተባለና ተዘጋ።

ፈረንሳዊው የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ዳንኤል ሊችተንስታይን ግን ነገሩን ገልብጦ አየው። ጤነኛ ሳንባ የማይታይ ከሆነ፣ የታየ ሳንባ ታሟል ማለት ነዋ! ሳንባ ሲታመም አየሩ ቀንሶ በቦታው ፈሳሽ ወይም መግል ይገባል፤ ድምፅ ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ በደንብ ያልፋል። ትንፋሽ ላጠረው ሕመምተኛ አልጋው ላይ እያለ ሳንባውን እንዴት ማየት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያወጣውን ዘዴ በ2008 ካሳተመ ወዲህ፣ ነገሩ በዓለም ዙሪያ ወደ ድንገተኛ ክፍሎች ገባ።

ልጆች ላይ ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ይመቻል። ደረታቸው ቀጭን ነው፣ ድምፁ ብዙ ሥጋና ስብ ማቋረጥ የለበትም፣ አጥንታቸውም ገና ሙሉ በሙሉ አልጠነከረም። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን አይተን እንጨርሳለን።

እሺ፣ ምን ይታያል? ብዙዎቻችሁ «ዶክተር፣ እኔ ስክሪኑ ላይ ዝናብ የሚዘንብ ቲቪ ነው የሚታየኝ» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የሚታየኝ። ትንሽ ላስረዳ።

በሁለት ጎድን አጥንቶች መካከል አንድ ደማቅ ነጭ መስመር አለ። እሱ የሳንባ ሽፋን ነው። ልጁ በተነፈሰ ቁጥር መስመሩ ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል፤ ተደራርበው የተለበሱ ሁለት ነጠላዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት አስቡት። ይህ መንሸራተት ከታየ ሳንባው እዚያ ቦታ ላይ ከደረቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እየሠራ ነው። ከጠፋ ደግሞ አየር ከሳንባው ወጥቶ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ገብቶ ይሆናል፣ ያ ራሱን የቻለ ድንገተኛ ነው። ጤነኛ ሳንባ ላይ ከነጩ መስመር በታች እኩል እየተራራቁ የሚደጋገሙ አግድም መስመሮች ይታያሉ። እነሱ እውነተኛ ነገሮች አይደሉም። ፀጉር ቤት ገብታችሁ ፊትና ኋላ መስታወት ሲኖር ራሳችሁን አሥር ቦታ እንደምታዩት፣ ድምፁ በሽፋኑና በመሣሪያው መካከል እየተመላለሰ የሚፈጥረው ድግግሞሽ ነው።

ሳንባው እርጥበት ሲይዝ ከነጩ መስመር ተነስተው ወደ ታች የሚወርዱ ቀጥ ያሉ ብርሃኖች ይመጣሉ፣ በጉም ውስጥ እንደሚታይ የመኪና መብራት። አንድ ሁለት ብቻ ከሆኑ ችግር የለም፤ ሲበዙና ሲቀላቀሉ ግን እንጠነቀቃለን። የሳንባ ምች ሥር ሲሰድና የአየር ከረጢቶቹ ሲሞሉ ደግሞ ሳንባው ጉበት ይመስላል። አላጋነንኩም፣ ሥጋ ቤት የተሰቀለ ጉበት ነው የሚመስለው። በዚያ ጉበት በመሰለው ውስጥ ልጁ ሲተነፍስ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጫጭ ነጥቦች ካየን፣ በቧንቧዎቹ ውስጥ አየር እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ይሄ የሳንባ ምች መሆኑን አጥብቆ ይደግፋል። ፈሳሽ ከሆነ ጥቁር ነው። እናቶች ይሄን ታውቁታላችሁ፣ በእርግዝና ጊዜ ሽርት ውሃው በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ታይቷችኋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ግራውን አየሁ፣ ነጠላው ይንሸራተታል፣ ደህና ነው። ቀኙን ከጀርባ በኩል ሳስቀምጠው ነጩ መስመር ቦታው ላይ የለም። በቦታው ሰፊ ጥቁር ነገር አለ፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የተወጠሩ ክሮች። ከስሩ ጉበት የመሰለ ሳንባ ተጨማድዶ ተቀምጧል። ቀጭን ውሃ ብቻ ቢሆን ጥርት ያለ ጥቁር ይሆን ነበር። ድሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ የሳንባ ምቹ መግል ቋጥሯል፣ መግሉም ክፍል ክፍል ሆኖ መታጠር ጀምሯል።

ይሄን ማወቁ ሕክምናውን ከሥሩ ይቀይረዋል። ቀላል የሳንባ ምች በአሞክሳሲሊን ይድናል። ተቋጥሮ የተቀመጠ ብዙ መግል ግን በሽሮፕም ሆነ በሚሟሟ እንክብል አይወጣም፣ መቅዳት ያስፈልጋል። እናቱ መድኃኒቱን አላጠፋችም። ጤና ጣቢያም አላጠፋም፤ በዚያን ቀን ያየው ልጅና እኔ ያየሁት ልጅ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ራጅ ብናነሳው ኖሮ ቀኝ ደረቱ ነጭ ሆኖ ይታየን ነበር። ነጩ ፈሳሽ ይሁን የጠጠረ ሳንባ ግን ራጁ ብዙ ጊዜ ለይቶ አይነግርህም፣ አልትራሳውንዱ ነው የሚለየው።

ሲኒየሬን ጠራሁ። እሱም ደግሞ አየውና ቀዶ ሐኪሞቹ ተጠሩ። በአልትራሳውንድ ቦታው ምልክት ተደርጎበት ቱቦ ገባለት። የወጣው ወፍራም መግል ነበር። እማማ ጠርሙሱን አይተው «ይሄ ሁሉ በዚች ደረት ውስጥ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መድኃኒቱ በደም ሥር ወደሚሰጥ ተቀየረ። ልጁ ሦስት ሳምንት ያህል ተኝቶ ወጣ። በየጥቂት ቀኑ ምን ያህል እንደቀረ የምናየው በዚያው በ«እርጉዝ መሣሪያ» ነበር።

እንግዲህ «ዶክተር፣ ራጅ ድሮ ቀረ በይና!» እንዳትሉኝ። አልቀረም።

መጀመሪያ ማስረጃው። በ2015 በልጆች የሳንባ ምች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የገመገመ ጽሑፍ፣ አልትራሳውንዱ የሳንባ ምች ካለባቸው 100 ልጆች 96ቱን እንደሚያገኝ፣ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 93ቱን በትክክል «የለም» እንደሚል አሳይቷል። በ2016 የታተመ ሌላ የኒውዮርክ ጥናት የሳንባ ምች የተጠረጠሩ 191 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አልትራሳውንድ ያስቀደመው ቡድን ራጅ በ38.8 በመቶ ሲቀንስለት ያመለጠ የሳንባ ምች አላገኘም። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን ፕሮቡን የያዙት የሠለጠኑ እጆች ናቸው፤ ቁጥሩ የማሽኑ ብቻ ሳይሆን የእጁም ነው።

የእኔን እጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ገና ስለማመድ አንድ ትንሽ ልጅ በግራ በኩል፣ ደረቱ ታችኛው ክፍል ላይ፣ ግራጫና ጠጣር ነገር አየሁ። «አገኘሁት!» አልኩ። ትኩሳት አለው፣ ያስለዋል፣ ሁሉም ነገር ገጥሟል። የአልጋ ወረቀት መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሲኒየሯ መጣች፣ ፕሮቡን ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ገፋ አደረገችውና ደረትና ሆድን የሚለየውን ድያፍራም አሳየችኝ። እኔ ከእሱ በታች ነበርኩ። «የኔ እመቤት፣ ያገኘሽው ጣፊያ ነው» አለችኝ። ጣፊያ! ያ ልጅ ጉንፋን ነበረው፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጀመሪያ ድያፍራሙን ሳላገኝ አፌን አልከፍትም። በጨቅላዎች ላይ ደግሞ ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ጤነኛ እጢ አለ፣ እሱም እንዲሁ የሳንባ ምች መስሎ ጀማሪን ያታልላል።

ሌላው፣ አልትራሳውንድ የሚያየው እስከ ሳንባው ጠርዝ የደረሰውን በሽታ ነው። በልጆች አብዛኛው የሳንባ ምች ጠርዙን ይነካል፣ ነገር ግን መሐል ተደብቆ በአየር የተከበበ ካለ አይታይም። ቲቢ ስንጠረጥር አሁንም ራጅ እንፈልጋለን። ደግሞ ቆሎ! ልጁ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ በድንገት ትን ብሎት ከዚያ በኋላ ማሳልና ሲር ሲር ማለት ከጀመረ፣ አልትራሳውንዱ ደህና ቢመስል እንኳ አንለቀውም። ይሄን ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆንም ንገሩት። (ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ኦቾሎኒ አትስጡ፣ በበዓልም ቢሆን።)

የተገላቢጦሽ ችግርም አለ፣ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መሣሪያው በጣም ትንንሽ ነገሮችን ያያል። ጉንፋን ይዞት ደረቱ የሚያፏጭ የአምስት ወር ሕጻን ሳንባ ላይ ከአንድ ሳንቲሜትር ያነሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በሁለቱም በኩል ሊታዩ ይችላሉ። ይሄ ብዙ ጊዜ የቫይረስ ሥራ ነው። አንድ አባት ስክሪኑን እያየ «ያው ዶክተር፣ ታየ አይደል? መርፌ ይጻፍለት እንጂ» አለኝ። ታይቷል፣ ግን አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ልጁ በደንብ እየጠባ ነው፣ ኦክስጅኑ ጥሩ ነው። አልጻፍኩለትም። አባትየው ተናዶ ወጣ፤ በማግስቱ ለክትትል ሲመጣ ልጁ ይሻላል፣ እሱ ግን አሁንም ትንሽ ኩርፍ ብሏል። ምን ላድርግ!

ስለ ራጅ ጨረርም አንድ ነገር። «ልጄን ጨረር አላስነሳም» የሚሉ ወላጆች አሉ። የአንድ የደረት ራጅ ጨረር በጣም ትንሽ ነው፣ ከአካባቢያችን በተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ። ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ አስነሱት። እኔ አልትራሳውንዱን የምወደው ራጅ አስፈሪ ስለሆነ አይደለም። ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ከአልጋው ሳላነሳ፣ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ስለማይ፣ ነገም ከነገ ወዲያም መድገም ስለምችል ነው።

አብዛኛው የሳንባ ምች ያለበት ልጅ ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉትም። ምክንያቱም ዋናው መሣሪያ እናንተ ቤት አለ፣ ሰዓት። ልጁ ሲረጋጋ፣ ቢቻል ተኝቶ እያለ፣ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም፣ የሕጻን ትንፋሽ ይቆራረጣል። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ይታይ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ የሚያቃስት ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከወትሮው በተለየ ፈዞ አልነቃ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕጻን ትኩሳት ካለውም እንዲሁ።

መድኃኒት ከጀመረ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ካልቀነሰ ወይም እየባሰ ከሄደ ተመለሱ። የዚያ ልጅ እናት ይሄን የነገራት ሰው አልነበረም። «ታዞለታል፣ ይጨርሰውና እናያለን» ብላ ጠበቀች፤ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ዳማከሴውን አሽትቶ መቀባት፣ ጋቢውን መደረብ፣ እንጥል ማስቆረጥ... ስለ ዳማከሴው ሽታ አልጣላችሁም። ጋቢው ግን ትኩሳት ያለውን ልጅ ያሞቀዋል፣ ደረቱንም ከዓይናችሁ ይሸፍነዋል። እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ፣ እባካችሁ፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይዘው የሚመጡ ልጆችን እኛ ነን የምናየው። ክትባቱስ? የሳንባ ምች ዋና አምጪ ከሆኑት ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በመደበኛ ፕሮግራም ይሰጣል፤ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

«እኛ ጋ ይሄ የሳንባ አልትራሳውንድ አለ ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ማሽኑ ልዩ አይደለም፣ ለእርግዝና ክትትል የሚያገለግለውም ፕሮብ የልጅ ደረት ያሳያል፤ ስልክ ላይ የሚሰኩ ትንንሾችም መጥተዋል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የሠለጠነ ሰው ነው። ስለዚህ ሳንባ አይተው የማያውቁ ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ «የልጄን ሳንባ እዩልኝ» ብላችሁ በግድ አታስነሱ። መጀመሪያ ልጁን የሚመረምረው ሐኪም ጥያቄ ይኑረው፤ ጥያቄ የሌለው ስዕል የእኔን ጣፊያ ነው የሚያመጣው።

ያማል ወይ? አያምም። ጄሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ልጆች ይደነግጣሉ፣ እኔ እጄ ላይ ትንሽ አሙቄ ነው የምቀባው። እናንተ ደግሞ አልጋ ላይ አታስተኙት፣ ታቅፋችሁ ያዙት። የሚጠባ ከሆነና ትንፋሹ ከፈቀደለት ጡት ስጡት፤ እሱ እየጠባ እኔ ጀርባውን አያለሁ።